ስለ ዘር ምርመራ፤ ጥያቄ ሳይይዙ ሚዛን ስለ መግዛት

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት በበቅሎ ለመሳቅ ብቻ አይደለም፤ ከዘሩ የሚያኮራውን መርጦ የሚያወራ፤ የማያኮራውን ግን የሚሸሽግ ሰው በየዘመኑ እንደማይጠፋ ስላወቁ ነው እንጂ። በእኛ ዘመን ደግሞ በቅሎዪቱ ምስክር አገኘች። ምራቅዋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ወደ መርማሪ ቤት ትልካለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በመቶኛ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ይመጣላታል፤ እርሷም ከሰንጠረዡ ፈረሱን ብቻ እያሳየች ትዞራለች።

በአሜሪካ ከሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት በአንዲቱ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ለጸበል ጻድቅ በተቀመጠበት አዳራሽ፤ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ እየሄደ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ሲያሳይ አይቻለሁ። ይህን ያህል በመቶ ከዚህ፤ ይህን ያህል በመቶ ከዚያ እያለ በደስታ ያብራራ ነበር። አንዲት አረጋዊት እናት በትዕግሥት ካዳመጡት በኋላ «መልካም ነው ልጄ፤ የአያትህን እናት ስም ይናገራል ወይ?» ብለው ጠየቁት። «አይናገርም» አለ። «አንተስ ታውቀዋለህ?» አሉት። ወጣቱ ዝም አለ። እርሳቸው ግን የወጣቱን አያት አገር ቤት ያውቋቸው ኖሮ፤ የእናታቸውን ስም እስከ ክርስትና ስማቸው ድረስ ነገሩት። ልጁም ስሙን በዚያው በስልኩ ላይ ጻፈው። በዚያች ቀን ስለ ዘሩ ያገኘው እውነተኛ ዕውቀት ይህ ብቻ ነበር፤ ዋጋውም አንዲት ጥያቄ ነበረች።

ይህን የምጽፈው ወጣቱን ለመዝለፍ አይደለም። ወገኑን ለማወቅ መፈለጉ የሚመሰገን ነው። የምቃወመው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ምን እንደምንጠይቅ ሳናውቅ ምርመራ መምረጣችን ነው። ወደ ገበያ ወርዶ ሚዛን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ምን እንደሚመዝንበት ያስባል። የወርቅ ሚዛን ጤፍ አይችልም፤ የጤፍ ሚዛንም የወርቅን ቅንጣት አይለይም። እኛ ግን በዘራችን ነገር ከሁሉ የደመቀውን ሰንጠረዥ የሚሰጠውን፤ ወይም በበዓል ሰሞን ዋጋው የረከሰውን እንገዛለን፤ ከዚያም በኋላ የተሰጠንን መልስ ይዘን ጥያቄ እንፈልግለታለን።

ገና ከመጀመሪያው ነገሩን ከነሥሩ ነቅለው ሊጥሉት የሚፈልጉ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ ሲጽፍ ትውልድን በመቁጠር ከሚነሣ ክርክር እንዲርቁ መክሯቸዋልና፤ ይህ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው ይላሉ። ሐዋርያው መምከሩስ እውነት ነው። ዳሩ ግን የማቴዎስ ወንጌል የሚጀምረው በትውልድ ቁጥር መሆኑን፤ ሉቃስም እስከ አዳም ድረስ መቁጠሩን ማን ይክዳል? በማቴዎስ ቆጠራ ውስጥ ደግሞ ሞዓባዊቱ ሩትና የኢያሪኮዪቱ ረዓብ በስማቸው ተጽፈዋል። ወንጌላዊው እንደ በቅሎዪቱ ፈረሱን ብቻ መርጦ አልጻፈም። እንግዲህ ሐዋርያው የከለከለው ክርክሩንና ትምክሕቱን እንጂ ወገንን ማወቁን አይደለም።

በአገራችንም አባቶቻችን አጥንት ሲቆጥሩ የኖሩት ለጨዋታ አልነበረም። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በሰሜኑ ክፍል ርስት የሚጠየቀው መሬቱን ካቀናው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ትውልድን ቆጥሮ ነበር። ጋብቻም ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥራሉ። የሞተ ዘመድ በጸሎት ሲታሰብ በክርስትና ስሙ ይጠራልና ያም ስም እንዳይጠፋ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ቆጠራ ሥራ ነበረው፤ መጨረሻውም ሰው ነበር። ርስቱን የሚካፈል ሰው፤ የሚጋባ ሰው፤ የሚጸለይለት ሰው። የዛሬው ቆጠራችን ግን መጨረሻው ቁጥር ሆኖ ቀረ። ክርክሬም ከዚህ ይነሣል።

አንባቢ እንዲፈርድ የምርመራዎቹን ዓይነት በአጭሩ ላስረዳ። ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር ጽሕፈት የያዘው ነገር ነው። ለቤተ ሰብ ታሪክ የሚሸጡት ምርመራዎች ሦስት ወገን ናቸው።

አንደኛው የአባት ሐረግ ምርመራ ነው። ዋይ የሚባለው ክሮሞሶም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ስለሚተላለፍ፤ ይህ ምርመራ የአባትን አባት፤ የእርሱንም አባት እያለ በቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። ሴት ልጅ ይህ ክሮሞሶም ስለሌላት፤ የአባትዋን ሐረግ ብትሻ አባትዋን፤ ወንድምዋን ወይም የአባትዋን ወንድም መለመን ይገባታል። ሁለተኛው የእናት ሐረግ ምርመራ ነው። ሚቶኮንድሪያ በሚባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለው ጽሕፈት ከእናት ወደ ልጆችዋ ሁሉ ይወርዳል፤ ወደ ልጅ ልጅ የሚያሳልፉት ግን ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ እጅግ ሩቅ ይሄዳሉ፤ ግን እንደ ጠባብ መንገድ ናቸው። ሰው በሰባተኛው ትውልድ 128 ወላጆች አሉት። የአባት ሐረግ ምርመራ ከእነዚህ አንዱን ወንድ፤ የእናት ሐረግ ምርመራ አንዲቱን ሴት ይመለከታል፤ የቀሩት 126 በሁለቱም አይታዩም። እንግዲህ የአባቱን ሐረግ መርምሮ «ዘሬ ይህ ነው» የሚል ሰው፤ ከ128 ምስክር አንዱን ሰምቶ እንደሚፈርድ ዳኛ ነው።

ሦስተኛው የሁለቱ ወገን ምርመራ ነው። ከአባትም ከእናትም እኩል የተቀበልነውን ጽሕፈት ይመለከታል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ 100 ዶላር ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። በዚህ ምርመራ ወላጅና ልጅ ግማሽ በግማሽ ይጋራሉ፤ አያትና የልጅ ልጅ፤ እንዲሁም አጎትና የእኅቱ ልጅ ሩብ ያህል፤ የወንድማማች ልጆች 12 ተኩል በመቶ ያህል፤ የልጅ ልጆቻቸው 3 በመቶ ያህል ይጋራሉ። ከዚያ እየራቀ ሲሄድ እየሳሳ ይጠፋል። ይህ ምርመራ ሩቅ አይሄድም፤ ነገር ግን ሰፊ ነው፤ በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድንም የሚያገኝ እርሱ ነው።

ኩባንያዎቹ ከዚሁ ከሦስተኛው ምርመራ ሁለት መልስ አውጥተው ይሰጣሉ። አንዱ የመቶኛው ሰንጠረዥ ነው፤ ሁለተኛው ከእኛ ጋር ደም የሚጋሩ፤ የተመረመሩ ሰዎች ዝርዝር ነው። እኛ ገንዘባችንን የምንከፍለው ለመጀመሪያው ነው። በማስታወቂያም የሚጮኸው እርሱ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ገለባ፤ ሁለተኛው ፍሬ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም እነሆ።

መቶኛው የሚወጣው የሙታን አባቶቻችን ደም ተመዝኖ አይደለም። ኩባንያው በየአገሩ ያሉ፤ አያቶቻቸው በአንድ አካባቢ የኖሩ ሕያዋን ሰዎችን ሰብስቦ ለማነጻጸሪያ ያስቀምጣል፤ የእኛን ጽሕፈት ቆራርጦ «ይህ ቁራጭ ከየትኞቹ ጋር ይመሳሰላል?» ብሎ በግምት ይመድባል። ማነጻጸሪያው በተለወጠ ጊዜ መልሱም ይለወጣል። ስለዚህ አምና 20 በመቶ የነበረ ዘር ዘንድሮ 8 በመቶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሰውዬው ደም ግን አንዲት ጠብታ አልተለወጠችም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የካናዳ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት መንታ እኅትማማቾችን በአምስት ኩባንያዎች ቢያስመረምር፤ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው ሳይስማሙ ቀሩ፤ በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ የሁለቱ መንቶች መቶኛ የተለያየበት ነበር። አንድ ማኅፀን፤ አንድ ጽሕፈት ያላቸውን ሁለት ሰዎች አንድ ማድረግ የተሳነው ሰንጠረዥ፤ እኛን ከጎረቤታችን ሊለየን እንዴት ይቻለዋል?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንማ ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው። በነዚህ ማነጻጸሪያዎች ውስጥ የኤውሮፓ ሰዎች ብዛትና የእኛ ወገኖች ማነስ የሚተካከል አይደለም። ኢትዮጵያንና ኤርትራን በአንድ ክፍል አጠቃልለው የሚያስቀምጡም አሉ። እንዲህ ካለው ሰንጠረዥ ውስጥ ብሔርን ከብሔር፤ ወንዝን ከወንዝ ለይቶ «ንጹሕ» እና «ቅይጥ» የሚያወጣ ሰው፤ ሰንጠረዡ ያልተናገረውን ከገዛ ልቡ እያነበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ የኢትዮጵያውያን የዘረ መል ጥናት፤ የሴምና የኩሽ ቋንቋ ከሚናገሩት ሕዝቦቻችን በብዙዎቹ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ጽሕፈት ከአፍሪካ ውጭ ካሉ ሕዝቦች ጋር እንደሚዛመድ፤ መቀላቀሉም ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ አመልክቷል። አማርኛ ተናጋሪው፤ ትግርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪውም በዚህ ነገር ተቀራራቢ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ከሦስት ሺህ ዓመት ጀምሮ የተቀላቀልን ሰዎች በምራቅ ብልቃጥ ንጽሕና ፍለጋ መውጣታችን፤ ወተትና ውሃ ከተቀላቀለ በኋላ ውሃውን በወንፊት ለማጥለል እንደ መድከም ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለተኛ ስሕተት አለ፤ እርሱም ለትዳር የሚያስቡ ወጣቶችን ይነካል። «ሁለታችንም ተመርምረናል፤ ዝምድና የለንም ብሎናል፤ እንግዲህ ሽማግሌ ሰባት ቤት ቢቆጥር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ይህ ምርመራውን ካለማወቅ የመጣ ነው። ምርመራው ዝምድናን ሲያገኝ ያስረዳል፤ ባላገኘ ጊዜ ግን ዝምድና የለም ለማለት አይችልም። በአያት የሚገናኙ፤ በቅድመ አያትም የሚገናኙ ሰዎች ደም መጋራታቸው አይሰወርም ማለት ይቻላል። ከዚያ አንድ ትውልድ ወደ ላይ ወጥተው ከሚገናኙት ግን ከአሥሩ አንዱ ያህል ምንም የሚታይ ነገር ሳይጋሩ ይቀራሉ። በሌላ አንድ ትውልድ ላይ ግማሹ ያህል አይታይም። በሰባተኛው ቤት የሚገናኙ ዘመዶች አብዛኞቹ በምርመራው ፊት እንደ ባዕድ ናቸው። እንግዲህ ሽማግሌው የሚያውቁትን ምራቁ አያውቀውም። የክርስትና አባትነትንም፤ የጡት ልጅነትንም አያውቅም፤ እነዚህ ግን በእኛ ዘንድ ዝምድና ናቸው።

እስከ አሁን የተናገርኩት ስለ ከንቱው ጥያቄ ነው። አሁን ስለ እውነተኛው ጥያቄ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ተወስደዋል፤ ወደ ኤውሮፓም የሄዱ ብዙዎች ናቸው። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለ። በር ተዘጋ፤ የወጡት ግን ወጥተዋል። ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ አድገው ጐልማሶች ሆነዋል። አንዳንዶቹ የያዙት ወረቀት እውነት አይደለም፤ ወላጆቻቸው በሕይወት ሳሉ ሞተዋል ተብሎ የተጻፈባቸው፤ ስማቸውና የትውልድ ስፍራቸው የተለወጠባቸው እንዳሉ በልዩ ልዩ ጊዜ ተገልጧል። በአገራችን የቤተ ሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ ልጅ በአባቱ ስም፤ አባትም በአያቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ የአባቱ ስም ከወረቀቱ ላይ የጠፋበት ልጅ እንደ ሌላው ዓለም ሰው በስም ፈልጎ ወገኑን ሊያገኝ አይችልም። የቀረለት ሰነድ ገላው ብቻ ነው።

ይህ ልጅ ምርመራውን ሲገዛ የሚጠይቀው «ስንት በመቶ ነኝ?» ብሎ አይደለም። «እናቴ ማን ናት? በሕይወት አለችን? ወንድም አለኝን?» ብሎ ነው። መልሱ የሚገኘውም በሁለተኛው ዝርዝር፤ ደም በሚጋሩት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነው። ዳሩ ግን እናቲቱ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። በገጠር ያለች እናት በውጭ ገንዘብ ምርመራ ልትገዛ ከወዴት ታመጣለች? እንግዲህ ልጁን ከእናቱ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ማን ነው? በዋሽንግተን፤ በቶሮንቶ፤ በስቶክሆልም ያለው የእናቲቱ ወንድም ልጅ ነው። እርሱ ቢመረመር ከዚያ ልጅ ጋር 12 ተኩል በመቶ ያህል ተጋርቶ በአንድ ቀን ይታያል። ይህ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ፤ አንተ አንባቢዬ ልትሆን ትችላለህ፤ ሁላችንም ይህ እንደማይሆን እርግጠኞች አይደለንም።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ተመርምረን ሰንጠረዛችንን ከተቀበልን በኋላ፤ ዘመድ የሚያሳየውን ክፍል እንዘጋዋለን፤ ወይም ክፈቱ ሲባል እንቢ እንላለን። ስለ ምን ብሎ የሚጠይቀን ሲገኝ «ዘመድ ነኝ ባይ ሁሉ ገንዘብ ሊለምነኝ ይመጣል» እንላለን። ቁጥሩን ወሰድን፤ ሰውን አስቀረን። በዘራችን ለመኩራት ብለን ስንገዛ፤ ከዘራችን አንዱ በር ሲያንኳኳ አልከፈትንም። ወገኖቼ ሆይ፤ ይህ ዘርን መውደድ ነውን? ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ዘር አያውቁትም።

እንግዲህ ምርመራን እንዴት እንምረጥ ለሚለኝ እንዲህ እላለሁ። አስቀድመህ ጥያቄህን ጻፍ። ጥያቄህ በሕይወት ያለ ወይም በቅርብ የሞተ ሰውን የሚመለከት እንደ ሆነ፤ የሁለቱን ወገን ምርመራ ምረጥ፤ ከኩባንያዎቹም ሰንጠረዡ ያማረውን ሳይሆን የተመርማሪው ብዛት የበለጠውን ምረጥ፤ ሰው የሚገኘው ሰው ባለበት ነውና። ከእነርሱ አንሰስትሪ የሚባለው ብቻ ከ25 ሚሊዮን የሚበልጡ ተመርማሪዎች እንዳሉት ይናገራል፤ ነገር ግን ከሌላ ቤት የመጣ ውጤት አይቀበልም። ፋሚሊ ትሪ ዲ.ኤን.ኤ. እና ጄድማች ግን በሌላ ስፍራ የተመረመረውን ይቀበላሉ። ስለዚህ ፈላጊ በትልቁ ጀምሮ ውጤቱን ወደ ሌሎቹ ቢያሻግር በአንድ ምራቅ በብዙ በር ያንኳኳል። ጥያቄህ ስለ ሩቅ የአባት አባት እንደ ሆነ የአባት ሐረግ ምርመራ አለልህ፤ ነገር ግን ጥልቅ የሆነው ብዙ መቶ ዶላር እንደሚያስወጣ፤ የሚያሳይህም አንዲቱን መንገድ ብቻ እንደ ሆነ እወቅ።

በቤትህ አያት ካሉ ከአንተ በፊት እርሳቸው ይመርመሩ። አንተ ከእርሳቸው የተቀበልከው ሩብ ያህል ነው፤ እርሳቸው ግን ሙሉ ናቸው፤ ለዝምድናውም በሁለት ትውልድ ይቀርባሉ። በዚህም ነገር አንዲት ትንሽ ምክር አለችኝ። ምራቅ በብልቃጥ ሞልተህ ላክ የሚሉት ኩባንያዎች ለሽማግሌ አይመቹም፤ በእርጅና አፍ ይደርቃልና። የጉንጭን ውስጥ በጥጥ መሳይ ነገር አብሶ መላክ የሚያስችለው ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ምን እንደምታደርግ አስረድተህ ፈቃዳቸውን ጠይቅ፤ አፋቸውን ከምትመረምር በፊትም ከአፋቸው የሚወጣውን ቃል ጻፍ። ስምን፤ የክርስትና ስምን፤ የተወለዱበትን አጥቢያ፤ የተሰደዱበትን ምክንያት ማናቸውም ምርመራ አይናገርም። ምራቁ በማቀዝቀዣ ይቆያል፤ ቃሉ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል እንዳልሆኑ አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2018 የካሊፎርኒያ ፖሊስ ለብዙ ዓመት ሲፈለግ የነበረ ነፍሰ ገዳይን የያዘው፤ ዘመዶቹ ለቤተ ሰብ ታሪክ ብለው ካስቀመጡት የዘር ጽሕፈት ተነሥቶ ነው። በ2023 ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከሚባለው ኩባንያ የ6 ነጥብ 9 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተሰርቋል፤ ይኸው ኩባንያ በመጋቢት 2025 ኪሣራውን ለፍርድ ቤት አስታውቆ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ እጅ ተላልፏል። በእስራኤል በ2000 የወጣው ሕግ ዝምድናን በዘረ መል መመርመር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይፈቅድም፤ በፈረንሳይም ለራስ ፈቃድ እንዲህ ያለውን ምርመራ ማድረግ እስከ 3,750 ዩሮ ያስቀጣል። በእነዚህ አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ሕጉን ሳያውቁ እንዳይገቡበት ይጠንቀቁ። ከዚህም በላይ በየቤቱ የተሰወረ ነገር አለ፤ አባት የተባለው አባት ሳይሆን ሲቀር፤ ያልታወቀ ወንድም ሲገኝ፤ ትዳር ሊናወጥ፤ ሽማግሌ ሊያዝን ይችላል። የእኔ ጽሕፈት የእኔ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የወንድሜ ነውና።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስለዚህም ልጅን ለጨዋታ አትመርምር፤ ወንድሞችህን ሳታማክር አትግባ፤ መክፈቻ ቃልህን የጠነከረ አድርግ፤ የማትፈልገውን የምርምር ፈቃድ አትስጥ፤ ከባድ ነገር የተገለጠ እንደ ሆነም በአደባባይ ከማውራትህ በፊት ከነፍስ አባትህ ጋር ተመካከር። ግን ልብ በል፤ እነዚህ ተቃውሞዎች ምርመራን ላለማድረግ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለመቶኛው ተመርምሮ ለዘመድ በር ለመዝጋት ግን ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። ጽሕፈቱ በኩባንያው እጅ የገባው ሰንጠረዡን የፈለግህ ጊዜ ነው። አደጋውን ለትምክሕት ስትል ከተቀበልከው፤ ለፍቅር ስትል የምትፈራው ስለ ምንድር ነው? አልመረመርም የሚለውን ሰው አከብረዋለሁ። ለፈላጊ ብሎ የሚመረመረውን አመሰግነዋለሁ። ለሰንጠረዥ ብሎ ተመርምሮ በሩን የሚዘጋውን ግን ወንድሜ ሆይ፤ ምራቅህን ባልተፋህ ይሻል ነበር እለዋለሁ።

ሙሴ በሕፃንነቱ በሣጥን ሆኖ በወንዝ ዳር በተጣለ ጊዜ፤ የፈርዖን ልጅ አንሥታ እንደ ልጅዋ አሳደገችው። ያ ሕፃን ወደ ገዛ እናቱ ጡት የተመለሰው ግን እንዴት ነው? እኅቱ በሩቅ ቆማ ምን እንደሚደርስበት ትጠባበቅ ስለ ነበረ ነው። ቀርባ ተናገረች፤ እናቱንም ጠርታ አመጣች። እርሷ ባትቆም ኖሮ እናትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ ይቀሩ ነበር። ዛሬም በወንዙ ዳር የሚቆም ወገን ይፈለጋል። ምርመራን የምትመርጡ ሁሉ ሆይ፤ ስንት በመቶ እንደ ሆናችሁ ለማወቅ ሳይሆን፤ የሚፈልጋችሁ ሰው ቢኖር እንዲያገኛችሁ ምረጡ።

የተበተኑትን የሚሰበስብ እግዚአብሔር፤ ጠፍቶ የሚፈልገውን ወደ ወገኑ፤ ወገኑንም ወደ እርሱ ይመልስ። አሜን።